ፓላዲኑ ምን ይመርጣል?

መሐላ ያሰረው ቅዱስ ተዋጊ፣ ፓላዲን፣ ወደ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ የገባው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2014ቱ መጽሐፍ 3ኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ከሦስት መሐላዎች አንዱን ይመርጣል። ምርጫ አለ ማለት ነው። ግን ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉት፣ መሐላው ምንም ይሁን ምን ጨዋታው የሚያዞረው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ወደ «መለኮታዊ ምት»።

ለምን? በትንሹ ጉልበት ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይሶች ይጣላሉ፤ አማካይ ጉዳቱ 9 ነው። ውሳኔው የሚመጣው ደግሞ ሰይፉ ማረፉ ከታወቀ በኋላ ነው። ባለ 20 ገጹ ዳይስ 20 ካወጣማ የጉዳት ዳይሶቹ እጥፍ ሆነው አማካዩ 18 ይደርሳል። ይህ የመሆን ዕድሉ በአንድ ሙከራ 5 በመቶ፣ በሁለት ሙከራ ቢያንስ አንዴ 9.75 በመቶ ነው። ታዲያ ጠብቆ መምታት እያለ ማን ይቆምራል? ውጤቱን አይቶ መወራረድ እኮ ውርርድ አይባልም።

የ2024ቱ ሕግ ምቱን «ተጨማሪ እርምጃ» አደረገው፤ በእጅ መፈወስም እዚያው ገባ። በአንድ ተራ ወይ በዚህ ኃይል ትመታላችሁ ወይ ትፈውሳላችሁ። ብዙ ተጫዋች አጉረመረመ፤ እኔ ግን ወደድኩት፣ ምርጫው ዋጋ ያስከፍላላ! ቅር ያለኝ ሌላ ነው። የበቀል መሐላው ዋና ኃይል በ2014 ተጨማሪ እርምጃ ይወስድ ነበር፤ አሁን ከጥቃቱ ጋር አብሮ ይመጣል። ምቱ ፉክክር ውስጥ ሲገባ መሐላው ወጣ። የበቀል ሰው መፈወስ ለምን አይወደድበትም? የታማኝነቱስ ለምን አይረክስለትም?