የተሻረው ትእዛዝ፤ ስለ አሜሪካ የካውንቲ የወንጀል መዝገብ የቀረበ ትችት

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ለጽሕፈት እንደ ተሰጠ ምስጋና ነው። ነገር ግን የሚወረሰው እውነቱ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱም ጭምር መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ነገር በአሜሪካ የካውንቲ የወንጀልና የመያዣ ትእዛዝ መዝገብ ላይ፥ በተለይም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. በሰጠው አንድ ፍርድ መነሻነት እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ መዝገቡ አጠባበቅ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ግዛቶች በአብዛኛው በካውንቲ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፥ የካውንቲዎቹ ቍጥር ከ3,000 ይበልጣል። በብዙዎቹ ዘንድ ገና ያልተፈጸሙትን የመያዣ ትእዛዞች የሚይዘው ሕዝብ የመረጠው ሸሪፍ ነው፤ የክሱንና የፍርዱን መዝገብ የሚጠብቀው ግን የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው ጉዳይ በሁለት ቤት ይጻፋል ማለት ነው። ዳኛው ትእዛዙን ሽሮ ወሬው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሳይደርስ ቢቀር፥ ያ ሰው በአንዱ መዝገብ ነፃ፥ በሌላው ተፈላጊ ሆኖ ይኖራል።

በ2004 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት የሆነው ይኸው ነው። አንድ ሰው ተይዞበት ከነበረው መኪና ዕቃውን ለማውጣት በኮፊ ካውንቲ ወደሚገኘው የሸሪፍ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። አንድ መርማሪ ይህን ሰምቶ፥ በሰውየው ላይ የመያዣ ትእዛዝ ይኖር እንደ ሆነ እንዲፈለግለት ይጠይቃል። በኮፊ ካውንቲ ምንም አልተገኘም። የጎረቤቱ የዴል ካውንቲ የመዝገብ ሠራተኛ በስልክ ስትጠየቅ ግን፥ ኮምፒዩተሩን ተመልክታ፥ በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ የወጣ ትእዛዝ አለ ብላ መለሰች። መርማሪው ተከትሎ ያዘው፤ ሲፈተሽም በኪሱ የተከለከለ ዕፅ፥ በመኪናው ውስጥ ሽጉጥ ተገኘ። በዚህ መካከል ሠራተኛዋ የትእዛዙን ወረቀት ለመላክ ብትፈልገው አጣችው። ፍርድ ቤቱን ብትጠይቅ፥ ትእዛዙ ከአምስት ወር በፊት ተሽሮ ኖሯል። ይህ ሁሉ የሆነው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው።

በ1791 ዓ.ም. የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት መያዝንና መፈተሽን ይከለክላል። በሕገ ወጥ ፍተሻ የተገኘ ማስረጃም ከክርክሩ እንዲወጣ የሚያደርግ ደንብ አለ። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በአራት ላይ ማስረጃው ይጽና አለ። የፍርዱን ሐተታ የጻፉት ፕሬዚዳንቱ ጆን ሮበርትስ እንዳስረዱት፥ ደንቡ የተሠራው ፖሊስን ከጥፋት ለመመለስ ነው፤ አንድ ጊዜ የደረሰ የመዝገብ ቸልተኝነት ግን ጥፋተኛውን በነፃ እስከ መልቀቅ የሚያደርስ አይደለም። ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ግዴለሽነት የተበላሸ መዝገብ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሰውየው ዕፅና ሽጉጥ መያዙ የታመነ ነው፤ ሕዝቡም ሊጠበቅ ይገባዋል። እኛ ግን በሁለት ምክንያት አንስማማም።

አንደኛ፥ ግዴለሽነቱን እንዲያስረዳ የሚገደደው ተከሳሹ ነው። የሸሪፍን መዝገብ ከውስጥ የማያውቅ ሰው ስሕተቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን ዘወትር የሚደርስ በምን ሊያሳይ ይችላል? ተቃዋሚዋ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግም ይህንኑ ጠይቀዋል። በእኛ አስተያየት የስሕተት ዕዳ መዝገቡን በያዘው ላይ እንጂ በተጻፈበት ሰው ላይ ሊወድቅ አይገባም።

ሁለተኛ፥ ይኸው ፍርድ ቤት በ1989 ዓ.ም. በሌላ ጉዳይ፥ በየካውንቲው ተበታትኖ የሚገኝ ወረቀትና በኮምፒዩተር ተሰብስቦ የተቀመጠ የወንጀል ታሪክ አንድ እንዳልሆኑ፥ የተሰበሰበው የሰውን ምስጢር አብልጦ እንደሚነካ አምኗል። መዝገቡ ሲሰበሰብ ኀይሉ እንደሚበረታ ያመነ ፍርድ ቤት፥ ስሕተቱ ሲመጣ እንደ ተራ የጸሐፊ ግድፈት ማለፉ እርስ በርሱ አይስማማም።

ጉዳዩ በፖሊስ ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። አሠሪውና አከራዩም ይህንኑ የካውንቲ መዝገብ ይመረምራሉ። መያዝ መፈረድ አይደለም፤ ነገር ግን መያዙ ተጽፎ የክሱ መዘጋት ሳይጻፍ ሲቀር፥ አንባቢው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። የ1970ው ሕግ ይህን መረጃ ሰብስበው የሚሸጡ ድርጅቶች ለትክክለኛነቱ እንዲጠነቀቁ ቢያዝዝም፥ ምንጩ ከተበላሸ ጥንቃቄው ብዙ አያድንም። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። በእኛ ልማድ የአባት ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚመዘገብ፥ ዮሐንስ የሚለውም በላቲን ፊደል አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«ጄ» ጀምሮ ስለሚጽፈው፥ በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የራሱን ሊያጣ፥ የሌላውን ሊያገኝ ይችላል።

ታዲያ መዝገቡ ይዘጋ ማለታችን ነውን? አይደለም። ሰው በስውር ከሚያዝበት አገር ይልቅ ትእዛዙ በግልጽ የሚነበብበት አገር ይሻላል። የምንለው፥ የሚያስይዝ መዝገብ የሚያስጠይቅም ይሁን ነው። ፖሊስ ሰውን ከመያዙ በፊት፥ ጊዜ ባለ ጊዜ፥ ትእዛዙ አለመሻሩን ከፍርድ ቤቱ ያረጋግጥ፤ አሠሪውም ከመከልከሉ በፊት የጉዳዩን ፍጻሜ ይመልከት። በአላባማ እውነቱን ያወጣው አንድ የስልክ ጥሪ ነበረ። ወሬው ለመርማሪው የደረሰው ግን ሰውየው ከተያዘ በኋላ ነው።