ስለ «ትንሿ ሙሽራ»፦ የሣቅነው በምን ላይ ነው?

ፊልሙን ያየነው የአጋማሽ ፈተና ባለቀ ማታ ነው። ስምንት ሴቶች በሁለት አልጋ ላይ ተደራርበን፣ አንድ ላፕቶፕ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ መብራት እንዳይሄድብን እየለመንን። ፊልሙ የመጣው ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ፍላሽ ከሚሞላ ሱቅ ነው። ከመካከላችን ኮሪያኛ የሚያውቅ የለም፤ ከታች የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቶሎ ማንበብ የምትችለው አንዷ ጮክ ብላ ትተረጉምልናለች። ሣቅን። እኔ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ነው የሣቅሁት። በማግሥቱ ለቁርስ ስንወርድ፣ ዳሞታ ገና ጉሙን ሳያወልቅ፣ ማታ ከእኛ ጋራ ሆና አንዴም ጥርሷን ያላሳየች የዶርም ጓደኛችን «እናንተን ያሣቃችሁ ነገር እኮ እኛ ቤት ተደርጓል» አለችኝ። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። ኂስ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።

«ትንሿ ሙሽራ» በ1996 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2004) ለእይታ የበቃ የኪም ሆ-ጁን ፊልም ነው። ላላየው ባጭሩ ልንገረው። ቦ-ኡን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ በኮሪያዎች ልማዳዊ አቆጣጠር 16 ነው። ይህ አቆጣጠር ልጅ እንደተወለደ አንድ ብሎ ስለሚጀምር በእኛ ቢቆጠር 15 ቢሆን ነው። ሳንግ-ሚን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ እንደ እህትና ወንድም ሲነታረኩ ያደጉ ናቸው። አያቶቻቸው የጦር ሜዳ ጓደኛሞች ነበሩና ቤተሰባቸውን በጋብቻ ሊያስተሳስሩ ቃል ተገባብተዋል። (የጦር ሜዳ ሲባል በእነዚያ ሽማግሌዎች ዕድሜ መቼም ያው የኮሪያ ጦርነት ነው። ቃኘው ሻለቃም በ1943 ዓ.ም. እዚያው ዘምቷል፤ ከእኛ አያቶች አንዱ እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ ሳይነግረን እንዳልሞተ ተስፋ አደርጋለሁ።) ልጆቹ እምቢ ይላሉ። የቦ-ኡን አያት ታመምሁ፣ መሞቴ ነው ይላሉ። ልጆቹ ይጋባሉ። ለጫጉላ ወደ ጄጁ ደሴት ሊበሩ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሙሽሪት ታመልጣለች፤ ሙሽራው ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ ቦ-ኡን ጋብቻዋን ደብቃ ከትምህርት ቤቷ ቤዝቦል ተጫዋች ጋራ መሽኮርመም ስትጀምር፣ ባሏ የማስተማር ልምምድ ሊያደርግ እዚያው ትምህርት ቤት ከች ይላል። ቀሪውን መገመት አያቅትም።

በዚህች መጽሔት «ይዘት ይቅደም ወይስ ቅርጽ» የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም። አንዱ ወገን የሥራው መነሻ ክፉ ከሆነ ውበቱ ምን ይረባል ይላል። ሌላው፣ ሥነ ምግባሩን ለሰባኪ ተዉት፤ የእኛ ጥያቄ ሥራው በደንብ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም ነው ይላል። እኔ እስከዚያች ቁርስ ድረስ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርሁ። አሁንም ጨርሼ አልከዳኋቸውም፤ ምክንያቱም ይህ ፊልም ተሠርቷል።

የተሸከመችው ሙን ጉን-ዮንግ ናት። በፈረንጆች 1987 የተወለደች ስለሆነች ፊልሙ ሲወጣ አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላትም፤ ስለዚህ ልጅ መስላ አልተጫወተችም፣ ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት በአገሯ በዴጆንግ የፊልም ሽልማት ምርጥ አዲስ ተዋናይት ተብላለች፤ ሕዝቡም «የአገር ታናሽ እህት» የሚል ቅጽል አወጣላት። አረማመዷ፣ ኩርፊያዋ፣ ድምፅዋ ሁሉ የተማሪ ቤት ልጅ ነው። ሳንግ-ሚንን የሚጫወተው ኪም ሬ-ዎንም ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ ሲነታረኩ ቃሉን ባንሰማው እንኳ ምቱ ይሰማናል። ኮሜዲ በምት ነው የሚቆመው፤ አንድ ሰኮንድ ቢዘገይ ሣቁ ይሞታል፤ እዚህ አልሞተም።

አንድ ቦታ ግን ልቆም እፈልጋለሁ። ቦ-ኡን ካራኦኬ የምትዘፍንበት ትዕይንት አለ። ብዙ ሰው ከፊልሙ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው ይባላል፤ እኛም አልጋው እስኪንቀጠቀጥ አጨብጭበናል። የዘፈኑ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እኔ ገና ፍቅርን አላውቅም» ነው። እንግዲህ አስቡት! ያገባች ልጅ ናት ይህን የምትዘፍነው። ዳይሬክተሩ ይህን ዘፈን በአፏ ሲያስገባ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። ፊልሙ መነሻው የተጣመመ መሆኑን አያውቅም የሚሉ ሰዎች ይህን ትዕይንት ደግመው ይዩት። ያውቃል፤ አውቆም ጣፋጭ አድርጎ ያቀርበዋል። ተዋናይቱ በጎበዘች ቁጥር ልጅነቷ ይጎላል፤ ልጅነቷ በጎላ ቁጥር ደግሞ ጋብቻው ይከብዳል። ታዲያ በፊልሙ ውስጥ ጋብቻውን የሚቃወም ምርጡ ምስክር የራሱ የፊልሙ ጥራት ነው።

አሁን ወደ አያትዬው። ከሁሉ በላይ ያሣቁን እሳቸው ናቸው። ሕመሙ የውሸት ነው፤ እኛ ተመልካቾች እናውቃለን፤ ልጅቷ ናት የማታውቀው። የሣቁ አሠራር ይህ ነው፦ ከሽማግሌው ጋራ በምስጢር ተባብረን በአንዲት ልጅ ላይ መሣቅ። ማንም አልመታትም፣ ማንም አላስፈራራትም። የሚወዷት አያቷ ናቸው። እኛም አገር እኮ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በዱላ አይደለም። «ሳልሞት ወግ ማዕረግሽን ልይ» ነው የሚባለው። ይህችን ቃል ያልሰማች ሴት እዚህ ግቢ ካለች እጇን ታውጣ። ለዱላ እምቢ ማለት ይቻላል፤ ይህችን ግን እምቢ የሚላት ጨካኝ ይባላል።

የጓደኛዬን ነገር በፈቃዷ ልጻፍ፤ ስሟን እተወዋለሁ። ቤታቸው ወደ ቦሎሶ በኩል ነው። ታላቅ እህቷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ በ15 ዓመቷ፣ አያታቸው ታመሙ። እውነተኛ ሕመም ነበር። የቀድሞ ወዳጃቸው ልጅ ነበረው፤ ተነጋገሩ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ ልጅቷም እሺ አለች። አያትየው ከሰርጉ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። «ባሏ ክፉ ሰው አይደለም» አለችኝ ጓደኛዬ፤ ደጋግማ ነው ያለችኝ፣ እንዳልፈርድበት የፈራች ይመስል። ልክ እንደ ሳንግ-ሚን ታጋሽ ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ጓደኛዬ ለጊፋታ ወደ ቤት ስትመለስ እህቷ መጀመሪያ የምትጠይቃት ደብተሮቿን ነው። እየገለጠች ታያቸዋለች፤ አታነባቸውም፣ ብቻ ትገልጣቸዋለች፣ ከዚያ አጥፋ ትመልስላታለች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ፊልሙን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። የመጀመሪያውን ዕለት ያላየሁትን አየሁ፦ ቦ-ኡን ትምህርቷን አላቋረጠችም። ልብስ አጣቢ አልሆነችም። አላረገዘችም። ባሏ አይነካትም፤ ፊልሙ በዚህ በኩል በጣም ጠንቃቃ ነው። ጋብቻው አንዳች ነገር አላሳጣትም። በ15 ዓመት ያገባች ልጅ ከከፈለችው ሁሉ እየተቀነሰ፣ እየተቀነሰ፣ በመጨረሻ የቀረው ቀለበቱና ጭቅጭቁ ብቻ ነው። እኔን ያስቀየመኝ ልጅ ማግባቷ በፊልም መታየቱ አይደለም። ይታይ! ሒሳቡ ሳይወራረድ መታየቱ ነው።

ቶሎ ፈርዶ «የኮሪያዎች ብልግና» ለሚል ሰው ደግሞ ትንሽ ሕግ ላስታውሰው። ያኔ በኮሪያ ሕግ ሴት ልጅ በወላጅ ፈቃድ በ16 ማግባት ትችል ነበር፤ በ2007 (በፈረንጆች) ነው ለሁለቱም ፆታ 18 የተደረገው። እኛስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ይል ነበር። 18 ለሁለቱም የሆነው በ1992ቱ የተሻሻለ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ በዚያ የድሮ ሕግ ቦ-ኡን እዚህ ያለ ችግር ትዳር ነበር ማለት ነው። ዛሬ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻ መፈጸምን ያስቀጣል። የጓደኛዬ እህት ስታገባ ይህ አንቀጽ ነበረ። በሰርጉ ላይ ያነበበው ሰው አልነበረም።

የእኛም መድረክ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፍ ጠለፋን የኮሜዲ መነሻ አድርጓል። ሰው ተጠልፎ የሚሣቅበት ተውኔት! ሆኖም ልዩነት አለ። እዚያ የሚሣቅባቸው ጠላፊዎቹ ናቸው፤ ተምረናል፣ ሠልጥነናል እያሉ ጠለፋ የሚያምራቸው ጎረምሶች። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ በሕግ ካገባችው ክሱን ይተውለት ነበር። ሰርጉ ወንጀሉን ያጥበው ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ የሮማንስ ኮሜዲ አጨራረስ ትዝ አለኝ፦ መሐል ላይ የፈለገው በደል ይፈጸም፣ መጨረሻው መፋቀር ከሆነ ሁሉም ይታጠባል። አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል፤ ጠላፊ ቢያገባም አይድንም። ኮሜዲ ግን ገና አልዘጋውም።

አንዷ ጓደኛዬ ይህን ሳነብላት «መጨረሻ ላይ እኮ ራሷ መርጣዋለች» ብላ ተከራከረችኝ። እውነት ነው። ቦ-ኡን በመጨረሻ በትምህርት ቤቷ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ የልቧን ትናገራለች፤ በራሷ አፍ ስለ ራሷ የተናገረችበት ትልቁ ቦታ እሱ ነው፤ በደንብም ተሠርቷል፤ እኔ ሁለተኛ ሳየውም ዓይኔን አርጥቦታል። ግን ምን መረጠች? አስቀድሞ የተመረጠላትን። በሩን ከውጭ ቆልፈው፣ ውስጥ ያለችው «እዚሁ ደስ ብሎኛል» ስትል ብናጨበጭብ፣ ያጨበጨብነው ለማን ነው? ፊልሙ ቤዝቦል ተጫዋቹን ቀለል ያለ፣ የማይረባ ልጅ አድርጎ የሣለውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ሌላው መንገድ እንዳያጓጓን። ይህ የጽሑፉ ደካማ ጎን ነው፣ ይዘትም ቅርጽም የሚባል ክርክር ሳያስፈልገው።

እና ፍርዴ ምንድን ነው? ጥሩ ፊልም ነው። ከዚህ ወዲህ ሐሜት አይቆጠርብኝ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ አይተን እንተኛ ነበር፤ ይህን ሁሉ ወረቀትም አላባክንም። ቤት ላለችው የ13 ዓመት እህቴ ብቻዋን እንድታየው አልሰጣትም፤ አብሬያት ሆኜ፣ አያትዬው «ታመምሁ» የሚሉበት ቦታ ላይ አቁሜ እያወራን ካልሆነ። አምስት ሙሉ ኮከብ የምትሰጡ ወንዶች ዶርም ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ከአምስቱ አንዱን ለሙን ጉን-ዮንግ ስጡና ሌላውን ያዙት።

ባለፈው ሳምንት የዶርም ጓደኛዬ ፍላሿን ይዛ መጣችና ፊልሙን ገልብጪልኝ አለችኝ። ግራ ገባኝ። ለጊፋታ ስትሄድ ለእህቷ ልታሳያት ነው። «ትሥቃለች ብለሽ ነው?» አልኋት። «እኔ እንጃ» አለች፤ «ያንን የምትዘፍንበትን ቦታ ግን እንድታየው እፈልጋለሁ።» ገለበጥሁላት።