መጀመሪያ ድሮኑ

«አቦ፣ ይሄ ኢንጂነር የምትለው ምን ይሠራል? አይገድልም እኮ!»

ጠያቂው ሐረር መኪና ግርግር ውስጥ በአባቱ ሱቅ ልብስ የሚሰፋ ወጣት ነው። ማስ ኢፌክት የተባለውን ጌም ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ክላስ መምረጫው ላይ ቆሟል፤ ጓደኞቹ ሶልጀር ወይም ቫንጋርድ ያዝ ብለውታል። ሐረር ውስጥ ጌም ቤት የገባ ሰው የሚያየው ኳስና ተኩስ ስለሆነ ጥያቄው አይገርመኝም። መልሱ ግን ቆሞ የሚነገር አይደለም።

የማወራው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለወጣው ስለ ሁለተኛው ክፍል ነው። በ2021 ሦስቱም ክፍሎች ታድሰው በአንድ ጥቅል ከወጡ ወዲህ አንዳንዶች ሁለተኛውን እንደ መሸጋገሪያ ነው የሚያዩት። የኢንጂነርን ችሎታ የሚፈትነው ግን እሱ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እያንዳንዱ ፓወር (ልዩ ችሎታ) የራሱ የመጠበቂያ ጊዜ ነበረው፤ በሁለተኛው አንዱን ከለቀቅህ ሁሉም ይዘጋሉ። ከሁሉ በሚከብደው በኢንሳኒቲ ደረጃ ደግሞ ማንም ጠላት ራቁቱን አይመጣም፤ ወይ ሺልድ፣ ወይ አርመር፣ ወይ ባሪየር ለብሷል። ኦቨርሎድ ሺልድን ይገፍፋል፤ ኢንሲነሬት አርመርን ያቀልጣል። ክራዮ ብላስት የሚያቀዘቅዘው መከላከያው የወለቀበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ፊትህ ያለው ምን እንደለበሰ ከማየት ነው።

እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር አልጣላም። ጠቡ የሚጀመረው ፖይንት ስንከፍል ነው። አንድን ፓወር እስከ 4ኛ ደረጃ ለመሙላት 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያልክ በድምሩ 10 ፖይንት ታወጣለህ፤ የኢንጂነርን ሰባት ፓወሮች በሙሉ ለመሙላት 70 ያስፈልጋል። መጨረሻው ሌቭል 30 ላይ ብትደርስም ይህን ያህል አታገኝም። «ኢንሲነሬትን ቀድመህ ሙላ» የሚሉ አሉ፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነው ባዮች ናቸው። የጉዳቱ ሒሳብ ትክክል ነው። ያልቆጠሩት ነገር ግን አለ፦ ፓወሩ እስኪመለስ ድረስ ማን ላይ ነው የሚተኮሰው?

እኔ ኮምባት ድሮንን አስቀድማለሁ፤ ከዚህም ንቅንቅ አልልም። ድሮኑ ጠላት አጠገብ ብቅ ሲል ጠላት ፊቱን ያዞራል፤ ሲያዞር ጀርባውን ይሰጥሃል። መልሶ ለመጥራትም ብዙ አያስጠብቅም። 4ኛው ደረጃ ላይ አታክ ድሮን ወይስ ኤክስፕሎሲቭ ድሮን ተብለህ ስትጠየቅ አታክን ያዝ። የሚፈነዳው ዋና ጥቅሙ ሲወድም ነው፤ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ቆሞ የሚያስጨንቀው ነው።

ኦሜጋ በተባለው ጣቢያ ላይ ጋረስ የተባለውን ተዋጊ ለማውጣት የሚደረገውን ውጊያ እንይ። ሦስት የወንበዴ ቡድኖች አንድ ሕንፃ ከበዋል። ብሉ ሰንሶች ሺልድ አላቸው፤ ኤክሊፕሶች ሮቦትና ባሪየር ይዘው ይመጣሉ፤ ብለድ ፓኮች ደግሞ ቮርቻና አርመር የለበሰ ክሮጋን ይልካሉ። ከቡድኔ ሚራንዳ ኦቨርሎድም ዋርፕም ስላላት አብራኝ ትገባለች፤ ባሪየሩ የእሷ ድርሻ ነው። ብለድ ፓኮች በምድር ቤት በኩል ሲገቡ ሦስት የብረት መዝጊያዎችን ወርደህ ትዘጋለህ። ቁልፉን ትጫናለህ፤ መዝጊያው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እስኪወርድ ያለችው ጊዜ ናት የምታስጨንቀው። እዚያ ክሮጋን እየሮጠ ሲመጣብህ ድሮኑን ከኋላው ታወጣለህ። ይዞራል። ኢንሲነሬት ጀርባው ላይ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ እየነደደ ሳለ ቁስሉ አይድንለትም። በዚህ መሃል ድሮኑን እንደገና ትጠራለህ።

ከዚያው ውጊያ በፊት ኤክሊፕሶች ያቆሙትን ከባድ ሮቦት ሰርጎ ገብቶ ማበላሸት ይቻላል፤ ሲያስነሱት በባለቤቶቹ ላይ ይተኩሳል። ይህን ማንኛውም ክላስ ማድረግ ይችላል። ሐሳቡ ግን የኢንጂነር ነው፤ በሶልጀር የሚጫወቱ ጓደኞቼም ከዚያ ውጊያ አስታውሰው የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

ውጊያ መሃል ሴቭ ማድረግ አይቻልም። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ፣ የላፕቶፑም ባትሪ ከደከመ፣ ውጊያው ከመነሻው ይደገማል። ማን በየት በኩል፣ ምን ለብሶ እንደሚመጣ በቃሌ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው። በተኩስ ብቻ የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዕውቀቱ የእኛ ነው።

በቀን ሥራዬ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ሲመጣለት ወዲያው ሙቅ አየሩን የሚያበራ ባለሙያ አለ። እኔ መጀመሪያ መልቲሜትር አነሣለሁ፤ መሰኪያው ላይ ቮልት ደርሷል ወይ? ከደረሰ የት ላይ ጠፋ? ሙቀት ለበሽታው ሲሆን ያድናል፤ ለግምት ሲሆን ግን ደህናውን ቺፕ ይገድላል። ይህንን ጥያቄ መጠየቅ የለመድኩት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት በኢንጂነር ስጫወት ነው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ ፊልም ማሽን የሚያውቀው ሰው ከኋላ ክፍል ተቀምጦ በሩን ይከፍትላቸዋል፤ ጀግኖቹ ሌሎች ናቸው። እዚህ ግን ኢንጂነሩ ራሱ የጌሙ ዋና ገጸ ባሕሪ ኮማንደር ሼፐርድ ነው። ትእዛዙን ይሰጣል፤ ፊት ይቆማል፤ ማን እንደሚገባና እንደሚቀር ይወስናል። «ጠጋኝ ሆኖ ቀረ» ሲባል እየሰማሁ ላደግሁ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አሁን ከእኔ ጋር የሚሠሩ ተለማማጆች አሉ። መጀመሪያ የምሰጣቸው መበየጃ ሳይሆን መልቲሜትር ነው። ብልሽቱን ያገኘው ልጅ ደንበኛውን ራሱ ያናግራል፤ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደሚያስከፍል ራሱ ይናገራል። እኔ ከጎኑ እቆማለሁ እንጂ አልቀድመውም።