የሰፈር ልብ በወንበር ቁጥር አይለካም

ስለ አዲስ አበባ ሕዝብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ፍርድ አለ፤ እርሱም «ይህ ከተማ ወላዋይ ነው፤ ዛሬ የሰቀለውን ነገ ያወርዳል» የሚል ነው። ይህን ቃል ሽማግሌውም ተማሪውም ይደጋግመዋል፤ መርምሮ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሳይመረመር ሊፈረድበት እንደማይገባ ሁሉ በከተማም ላይ ሳይመረመር መፍረድ አይገባምና እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ፈራጆቹ የሚያቀርቡት ማስረጃ ቁጥር ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከአዲስ አበባ 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ለገዥው ለኢሕአዴግ አንድም አልደረሰውም፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ግን በዚያው ከተማ ከ23ቱ 22ቱ ለኢሕአዴግ ሆኑ፤ ለተቃዋሚዎች የቀረችው አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች። «በአምስት ዓመት እንዲህ የሚገለበጥ ልብ ምን ዓይነት ልብ ነው?» ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከቁጥሩ የተወሰደው ፍርድ ግን ልክ አይደለም።

በመጀመሪያ የአቆጣጠሩን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ አይሆንበትም። ከመቶ መራጮች 40ው ለአንዱ፣ 35ቱ ለሁለተኛው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ቢሰጡ ወንበሩ የባለ 40ው ነው፤ የ60ው ሰው አሳብ በወንበሩ ላይ አይታይም። እንግዲህ በ1997 ቅንጅት አራት ድርጅቶችን በአንድ ስም አሰልፎ ቀረበ፤ በ2002 ግን መድረክ፣ መኢአድና ኢዴፓ ለየብቻቸው ቆሙ። ከመራጩ አንድ ሰው እንኳ ልቡን ሳይለውጥ በዚህ ብቻ ወንበር ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የደረሰው መከራ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች እንደ ሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ከተማውም በመረጠው ምክር ቤት ሳይተዳደር በ1998 ዓ.ም. ለባለ አደራ አስተዳደር ተሰጠ። ልጇን የቀበረች እናት በሚቀጥለው ጊዜ «ብቻ ሰላም ይሁን» ብትል ወላዋይ ትባላለችን? ከዚያም ወዲህ የገዥው ፓርቲ አባላት ቁጥር ወደ ሚሊዮኖች አደገ፤ ከገባውም መካከል አምኖ የገባ እንዳለ ሁሉ ሥራ ወይም ብድር ፈልጎ የገባም ነበረ። አበው «ዝም አይነቅዝም» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

በማስተምርበት ዘመን የክፍል አለቃ ሲመረጥ አንድ ነገር አስተውል ነበር። ልጆቹ እጅ አውጥተው ሲመርጡ ጉልበተኛው ያሸንፋል፤ በወረቀት በምስጢር ሲመርጡ ግን የሌላ ልጅ ስም ይወጣል። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው «ማን ያየኛል?» የሚለው ፍርሃት ብቻ ነው። ከተማም ከዚህ ብዙ አይለይም። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ በአገሪቱ ያሉትን 547 ወንበሮች በሙሉ አሸነፉ፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ በተቃውሞ ተናውጣ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከመቶ መቶ የሚል ቁጥር የሕዝቡን ልብ ሊነግረን እንዳልቻለ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያሻል?

ይህን ስል መራጩን ከነቀፋ ሁሉ ነጻ አወጣዋለሁ ማለቴ አይደለም። በ1997 በሰፈሬ ውስጥ የእጩውን ስም ሲጠየቁ የማያውቁ፣ የሁለት ጣት ምልክት ብቻ አይተው የመረጡ ጎረቤቶች ነበሩኝ። በ2002 ደግሞ ስለ እጩው አንዳች ሳይጠይቁ፣ የቀበሌው ሰው እንዳይቀየማቸው ብለው ንቧን የመረጡ አውቃለሁ። የፊተኞቹ ድምፃቸውን ለቁጣ ሰጡ፤ የኋለኞቹ ለይሉኝታ ሰጡ፤ ሁለቱም ማንን እንደ ላኩ አልመረመሩም። ፍርሃት ይታዘንለታል፤ ስንፍና ግን ይነቀፋል። ፈርቶ ዝም ያለውንና መጠየቅ ሰንፎ በጭፍን የመረጠውን ለይቶ ማየት የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ «ያ ሰፈር የእነ እገሌ ነው፤ ይህ መንደር ከዳተኛ ነው» ሲባል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ስም ቀርቦለት ነበር? ምን ያስፈራው ነበር? ከተሸናፊዎቹ ጋር የቆመውስ ስንት ሰው ነው? ይህን ሳትጠይቁ አንድን ሕዝብ በአንድ ስም አትጥሩት። ያለዚያ አጠገባችሁ የሚኖረውን፣ ከእናንተ የተለየ የመረጠውን ጎረቤት፣ ሳታውቁት ጠላት ታደርጉታላችሁ።

ዕድሜያችሁ 18 ሞልቶ ወረቀቱ በእጃችሁ ሲገባ ደግሞ ስለ እጩው የሠራውንና ሊሠራ የሚችለውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ብትሸነፉ እንኳ ድምፃችሁ የራሳችሁ ነው።