ዕውቀትና ስውር ኅሊና በፈጠራ ሥራ

የፈጠራ ሥራ ከየት ይመነጫል የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችንና ከያንያንን ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ቆይቷል። አንዱ ወገን ምንጩ ዕውቀትና ጥረት ነው ሲል፥ ሌላው ሰው ሳያውቀው በውስጡ የሚካሄደውን የአእምሮ ሥራ፥ ማለትም ስውር ኅሊናን፥ የሁሉ ባለቤት ያደርገዋል። የኋለኛው አስተሳሰብ በተለይ ለጀማሪ ከያኒ ጆሮ ይጥማል፤ ከመማር ድካም የሚገላግል ይመስላልና። ይሁን እንጂ ይህን አመለካከት ለመመርመር ከሁሉ ይበልጥ የሚረዳው ምስክር የተገኘው ከገጣሚ ሳይሆን ከአንድ የሒሳብ ሊቅ ነው።

ስውር ኅሊና የሚለው ሐሳብ በፍሮይድ አልተጀመረም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ የእንግሊዛዊውን የሎክን ትምህርት ለመሞገት በጻፈውና ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1765 በታተመው መጽሐፉ፥ አእምሮ ሳያስተውላቸው የሚቀበላቸው ጥቃቅን ስሜቶች እንዳሉ አመልክቷል። የባሕርን ድምፅ የሚሰማ ሰው የእያንዳንዱን ማዕበል ድምፅ ለይቶ አያውቀውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በጥቂቱም ቢሆን ካልነካው ድምሩን ሊሰማ ባልቻለ ነበር። እንግዲህ ለላይብኒትዝ ያልታወቀው ከታወቀው ጋር የተጣላ ባዕድ ኃይል አይደለም፤ የዚያው የዕውቀት የታችኛው እርከን ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙዎች ይህን ዝምድና ዘንግተዋል።

ፈረንሳዊው አንሪ ፑዋንካሬ እ.ኤ.አ. በ1908 በፓሪስ ባሰማውና በዚያው ዓመት «ሳይንስና ዘዴ» በተባለው መጽሐፉ ባወጣው ንግግር የራሱን ገጠመኝ ያለ ማጌጫ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ካን በተባለችው ከተማ ሲያስተምር፥ በኋላ በጀርመናዊው ፉክስ ስም የሰየማቸው የሒሳብ ፈንክሽኖች ሊኖሩ እንደማይችሉ ለማረጋገጥ 15 ቀን ታገለ። በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት ከጠረጴዛው ፊት እየተቀመጠ ሐሳቦችን ሲያገጣጥምና ሲያፈርስ ሰንብቶ ምንም አላገኘም። አንድ ምሽት ከልማዱ ውጭ ጥቁር ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ አጣ፤ ሐሳቦቹም በውስጡ እየተጋፉና እየተጋጩ ቆይተው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተያያዙ። ሲነጋ፥ የለም ያለው ነገር መኖሩን አረጋግጦ ነበር። (ቡና የጠጣ ሁሉ ፑዋንካሬ እንደማይሆን ለቡና አገር አንባቢ መንገር አያስፈልግም።) ከዚያም ለሥነ ምድር ጥናት ጉዞ ወጥቶ ሒሳቡን ረስቶ ሳለ፥ ኩታንስ ላይ የሠረገላውን መርገጫ በረገጠባት ቅጽበት ሁለተኛው ግኝት መጣለት፤ በፈንክሽኖቹ የተጠቀመበት ለውጥ ከኤውክሊድ ውጭ በሆነው ጂኦሜትሪ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ተገለጠለት። ወዲያው ለማጣራት ጊዜ አልነበረውም፤ የጀመረውን ጨዋታ ቀጠለ። ማረጋገጫውን የሠራው ወደ ካን ሲመለስ ነው።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሱት መርገጫውን ብቻ ነው። ፑዋንካሬ ግን ከመርገጫው በፊት የነበሩትን 15 ቀናትና በኋላ የመጣውን ማጣራት አጥብቆ ያነሣል። ስውር ኅሊና የረጅም ስሌት ውጤት አዘጋጅቶ እንደማይሰጥ፥ የሚሰጠው መነሻ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በእርግጠኝነት ስሜት ታጅበው የሚመጡ ሐሳቦች፥ በተለይም በአልጋ ላይ በእንቅልፍ ልብ የሚመጡት፥ አንዳንዴ ሐሰት ሆነው መገኘታቸውንም አይሸሽግም።

ሆኖም የፑዋንካሬ ትምህርት አንድ ጉድለት አለው። ስውር ኅሊና ከሚያገጣጥማቸው ሐሳቦች ውስጥ ጠቃሚውን የሚያበጥረው ወንፊት የውበት ስሜት ነው ይላል፤ ነገር ግን ያ ወንፊት በማን እጅ፥ በስንት ዘመን ተሠራ ብሎ አይጠይቅም። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። ተማሪው ቅኔ ለመቁጠር ብቻውን ወደ ጸጥታ ስፍራ ገለል ይላል፤ ምሥጢሩም አንዳንዴ ባልጠበቀው ሰዓት ይመጣለታል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ግሱንና አገባቡን አጥንቷል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ አቅርቦ ያስነቅፋል፥ ያሳርማል። ጆሮው ከጊዜ ብዛት የማይሆነውን ቃል ገና ሳይወጣ የሚጥለው፥ የመምህሩ እርማት በውስጡ ስለ ሰረጸ ነው። ስሜት የሚባለው በአብዛኛው፥ የተማሩበት ቀን የተረሳ ዕውቀት ነው።

በእርግጥ አንዳንድ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ምንም ስውር ሥራ አይካሄድም፥ አእምሮ የተሳሳተውን መንገድ ስለሚረሳ ብቻ ትክክለኛው ይታየዋል ይላሉ። ቢሆንም የዕውቀት ዋጋ አይቀንስም፤ መንገድ ያልጀመረ ሰው የሚረሳው ስሕተት እንኳ የለውምና። በሌላው ጽንፍ፥ እያንዳንዱ ስንኝና እያንዳንዱ ቀለም አስቀድሞ በታቀደ ዓላማ ካልተመራ ዋጋ የለውም የሚሉ ሐያስያንም ከዚህ ታሪክ የሚማሩት አለ፤ ፑዋንካሬ በዕቅዱ ቢጸና ኖሮ የለም ያለውን ባላገኘም ነበር።

የተቃራኒው ወገን መሪ አንድሬ ብረቶን እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣው የሱሪያሊዝም ማኒፌስቶ፥ ከያኒው ከአእምሮ ቁጥጥርና ከውበት ሕግ ተላቆ የውስጡን ቃል እንደ ጸሐፊ እንዲቀበል ጠየቀ። አርአያ ያደረገውም ከፊሊፕ ሱፖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1919 በዚሁ ዘዴ የጻፉትን «መግነጢሳዊ መስኮች» የተባለ መጽሐፍ ነው። ዘዴው ቃላትን ከለመዱት ጎረቤት አፋትቶ ያልታሰበ ምስል እንደሚያስገኝ መካድ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ብረቶን ባዶ ሰሌዳ አልነበረም። በሕክምና ተማሪነቱ በጦርነቱ ጊዜ የአእምሮ ሕሙማንን አስታሟል፤ የሎትሬአሞንን ጽሑፍም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በእጁ የገለበጠው በዚያው በ1919 ነው። ብዕሩን በለቀቀ ጊዜ የፈሰሰው ያነበበው ነበር። ማኒፌስቶውን ከሰበከ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1933፥ ራሱ ብረቶን የዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ታሪክ ያልተቋረጠ መከራ እንደ ነበረ በጽሑፍ አመነ።