ዓባይ በረሃን በብስክሌት ስለ መሻገር

ዳገትና ቁልቁለት የሌለበት ሀገር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሁለቱ ቅደም ተከተል በየስፍራው አንድ አይደለም። ተራራ በሆነ ጊዜ ብስክሌተኛው አስቀድሞ ይወጣል፣ ይደክማል፣ ላቡን ያፈሳል፤ በመጨረሻም የድካሙ ዋጋ አድርጎ ቁልቁለቱን ይቀበላል። ታላቅ ወንዝ ሰንጥቆ ባወጣው ሸለቆ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ቁልቁለቱ ጕልበት ሳይነካ፣ ኅሊናም ገና በጧት ደስታ ተሞልቶ ሳለ ይመጣል፤ ዳገቱ ደግሞ ፀሐይ ከበረታችና ውኃው ከጎደለ በኋላ ይጠብቃል። ቁልቁለቱ እንግዲህ በአራጣ የተሰጠ ብድር ነው፤ የተቀበለው ሁሉ ደስ ይለዋል፣ የሚከፍለው ግን በወለድ ነው። ስለዚህም ሸለቆን በብስክሌት የመሻገር ጥበብ መሠረቱ የጭን ብርታት አይደለም፤ ቁልቁለቱን ለራሱ ሲል ሳይሆን ከፊት ስላለው ዳገት ሲል መጋለብን ማወቅ ነው።

በሀገራችን ይህን ትምህርት ከዓባይ በረሃ አብልጦ የሚያስተምር መንገድ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደብረ ሊባኖስን መገንጠያና ፍቼን አልፎ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው በድንገት ያልቅበታል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ከዚህ አፋፍ ተነሥቶ፣ በፍልቅልቅ በኩል እየተጠማዘዘ፣ ከ1,100 ሜትር ወደማይበልጠው የወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላም የወረደውን ያህል መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። መውረጃው 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መውጫውም እንዲሁ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት በየ100 ሜትሩ መንገድ በአማካይ 7 ሜትር መውረድ፣ ቀጥሎም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መውጣት ነው። መጽሐፈ ኦሪት ከኤደን ከሚወጡት አፍላጋት አንዱ አድርጎ የሚጠራውን ግዮንን ሊቃውንታችን ዓባይ ነው እያሉ ሲተረጕሙ ኖረዋል፤ ወንዙ ምድሪቱን እስከዚህ ጥልቀት ድረስ እንዴት እንደ ሰነጠቃት ከአፋፉ ቆሞ ያየ ሰው የዚህ ትርጓሜ ክብር ለምን እንደ ጸና ይገባዋል።

የብስክሌተኛው የመጀመሪያ ሥራ ገና ሳይወርድ የሚሠራ ነው። የጎሐ ጽዮን ጧት ብርዳም ስለ ሆነ፣ ነፋስ የሚከላከል ልብስ ደርቦ ያልወረደ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ጭኑ እንደ ደረቀ ያገኘዋል፤ የደረቀ ጭን ደግሞ ዳገቱን የሚጀምረው ግማሹን ጕልበቱን አስረክቦ ነው። ስለዚህም ቁልቁለቱ ያለ ፔዳል የሚወስደው ቢሆንም፣ ብልህ ጋላቢ መንገዱ ቀና ባለበት ሁሉ እግሩን በቀስታ እያዞረ ደሙ እንዳይረጋ ይጠብቃል። በሶውን በማርና በውኃ በጥብጦ የሚጠጣውም እዚሁ፣ ሆዱ በሰላም ሊቀበለው በሚችልበት ጊዜ ነው፤ በዳገቱ መካከል፣ ሰውነት ደሙን ሁሉ ወደ እግር በላከበት ሰዓት የተበላ ምግብ ከመርዳት ይልቅ ይከብዳልና።

ስለ ፍሬን የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ይጠልቃል። ጋላቢውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ኀይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው ሁሉ በፍሬኑና በቸርኬው ላይ ያርፋል። የነፋሱ ድርሻ የሚበዛው ደግሞ ብስክሌቱ በፈጠነ መጠን ነው፤ ስለዚህ በፍርሀት ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጦ የሚወርድ ሰው፣ በዝግታው የዳነ ቢመስለውም፣ ቸርኬውን ከሁሉ ይልቅ የሚያግለው እርሱ ነው፤ የጋለ ቸርኬም ጎማን እስከ ማፈንዳት ይደርሳል። ትክክለኛው ሥርዓት ቀናውን መንገድ ለነፋስ መተው፣ ጥምዝምዙ ሳይደርስ አስቀድሞ በሁለቱም ፍሬን አጥብቆ መያዝ፣ ወዲያው መልቀቅ፣ በጥምዝምዙም ውስጥ እጅን ከፍሬን አላቅቆ ዐይንን ወደ መውጫው መላክ ነው። ዐይን ወደ ገደሉ ከሄደ መሪው ይከተለዋል፤ ወደ መውጫው ከሄደም እንዲሁ።

የበረሃው መንገድ ለዐይን የሚሰጠው ሥራ ብዙ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንዳለፈ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእርሱ በታች ጀሶና ጭቃማ ድንጋይ የተደራረቡበት ንጣፍ አለ፤ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ አሸዋማው ድንጋይ ይቀላል። ክረምት ሲገባ ጭቃማው ንጣፍ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም በላዩ ይሰነጠቃል፣ እንደ ማዕበል ይታጠፋል። በዚህ ላይ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች ጥምዝምዙን ሲይዙ የመንገዱን ወርድ ሁሉ ይወስዳሉ፤ ዳገቱ ላይ የቆመ መኪና ሲኖርም ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያስደግፋል፣ መኪናው ሲነሣ ግን ድንጋዩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ከጥምዝምዝ ማዶ ተጋድሞ ሲጠብቅ፣ ፍጥነቱን ዐይኑ በሚደርስበት ርቀት ለክቶ የሚወርድ ሰው ብቻ ይተርፋል። ለረዳቶችና ለሾፌሮች ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ያስደገፉትን ድንጋይ ከመንገድ ያንሡ። የአንድ አፍታ ድካም ነው፣ የሰው ሕይወት ግን ያድናል።

ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ አየሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በከፍታው ልዩነት ምክንያት ብቻ ሙቀቱ ከአፋፉ በ9 ዲግሪ ያህል ይበልጣል፤ ገደሉም ሐሩሩን ይዞ ያቆያል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ከቀድሞው ድልድይ አጠገብ ይታያል፤ ልብም እዚህ ዐርፈህ ተመልከት ይላል። ብስክሌተኛ ግን በዚህ ስፍራ ልብሱን እስኪያወልቅ፣ ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ጉንጭ ጉንጭ እያለ እስኪጠጣና ጎማውን በእጁ እስኪዳስስ ድረስ ብቻ ሊቆይ ይገባዋል። ጥላው የሚያጓጓ ቢሆንም፣ በቈየ መጠን ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፣ እግሩም ይተሳሰራል።

እንግዲህ ዳገቱ ይጀምራል፤ የጥበቡም ፍሬ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ነው። እግር በቁልቁለቱ ዐርፎ ስለ መጣ በዚህ ስፍራ ሐሰተኛ ብርታት ይሰማዋል። ወጣቶች ይህን ብርታት እውነተኛ መስሏቸው ከኮርቻቸው ተነሥተው ሽቅብ ሲሽቀዳደሙ አያለሁ፤ አንድ ጊዜም ከመካከላቸው አንዱን ስከለክለው፣ «ጋሼ፣ እግሬ ገና ምንም አልደከመም፤ ለምን ይይዙኛል?» አለኝ። «ልጄ፣ ያልደከመህ ገና ስላልወጣህ ነው» አልሁት። በዳገቱ ላይ ካለችው ከኩራር በላይ፣ ፀሐይ በዐለቱ ላይ በተመለሰችበት ስፍራ፣ ፊቱን አይቼ ሌላ ምክር እንደማያስፈልገው ዐወቅሁ።

ለጀማሪዎች የምሰጠው ልኬት ከማንኛውም መሣሪያ ይቀልላል። እየጋለቡ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ድምፃቸውን አሰምተው እንዲደግሙ እጠይቃቸዋለሁ። ዐረፍተ ነገሩን ሳይቈርጡ፣ ትንፋሻቸውን በሥርዓቱ እየወሰዱ ቢጨርሱት ልካቸው ነው፤ በየቃሉ መካከል ትንፋሽ የሚያቋርጣቸው ከሆነ ከልካቸው አልፈዋልና ማርሻቸውን ማቅለል ይኖርባቸዋል። ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ መንገዱ ያስተማረኝ ነው። ደግሞም ጸሎቱ ራሱ ልብን ያረጋል፤ የረጋ ልብም የሚችለውን ያህል እንጂ የሚመኘውን ያህል አይሠራም።

ማርሽን በሚመለከት ኩራት ስፍራ የለውም። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ መያዝ ድክመት አይደለም፤ እግር ሳይጨነቅ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ለመዞር የሚችልበትን ማርሽ መምረጥ ጕልበትን በብዙ ትናንሽ ክፍያዎች መክፈል ነው። 1,400 ሜትሩን በሁለት ሰዓት የወጣ ሰው በየሰዓቱ 700 ሜትር ወደ ላይ ራሱን አንሥቷልና፣ ይህ ለማንም ሰው የሚያኮራ ተጋድሎ ነው። ከዚህም ጋር አየሩ ከወንዙ ወደ አፋፉ በሄደ መጠን ይሳሳል፤ ከላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ይኸው እግር በዚያው ማርሽ ከታች ቀላል የሆነለት ከላይ ይከብደዋል፤ ድካሙና የአየሩ መሳሳት ባንድነት ይመጣሉ። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ከታች ጥቂት ኀይል ያስቀራል። እኔ የርቀቱን ልክ የማነበው ከድንጋዩ ቀለም ነው፤ ቀዩ አሸዋማ ድንጋይ ከኋላ ሲቀር ትዕግሥት፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ ሲያልፍ ጽናት፣ ጥቁሩ ዐለት ከራሴ በላይ ሲታይ ብቻ ያስቀረሁትን ኀይል ማውጣት እጀምራለሁ።

በዚህ ዳገት ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ወጣቶች በዝግታ የሚወጣ ከባድ መኪና ኋላውን በአንድ እጅ ጨብጠው መጎተትን ይወድዳሉ። ለሕይወታቸው ከሚያሰጋው በቀር ሌላም ጉዳት አለበት፤ ዳገቱ ሊያስተምራቸው የመጣውን ሳይማሩ ያሳልፋቸዋል። ዳገት ምን እንደሚያፈራ ከታላላቅ ብስክሌተኞቻችን ይታያል፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከልዑካኗ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ገብረማርያም በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በእነዚህ ሰዎች መካከል ከግማሽ ምዕት ዓመት የበለጠ ልዩነት አለ፤ ያሳደጋቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በገዛ እግራቸው የወጡት የደጋ ሀገር ዳገት ነው። በመኪና ተጎትቶ የወጣ እግር ከዚህ ርስት አይካፈልም።

ደጀን ሲደርሱ ብዙዎች ከብስክሌታቸው ወርደው መንገዱ አለቀ ይላሉ፤ ማን ቀድሞ እንደ ደረሰም ይቈጥራሉ። እኔ ግን የሸለቆ ጥበብ በዚያ ይመዘናል ብዬ አላምንም። ከደጀን ወዲያ የጎጃም ሜዳ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፤ ሊሻገር የመጣውም ሰው ጕዳዩ ከወዲያ ማዶ ነው። በቁልቁለቱ ራሱን ያልሰጠ፣ በወንዙ ዳር ያልዘገየ፣ በዳገቱ መጀመሪያም ሐሰተኛውን ብርታት ያላመነ ጋላቢ አፋፉ ላይ ሲወጣ ውኃውን ሞልቶ፣ ማርሹን ለውጦ ጕዞውን ለመቀጠል ይችላል። ዓባይ በረሃን በእውነት ተሻገረ የሚባለውም ደጀን የደረሰ ሁሉ ሳይሆን፣ ደጀን ደርሶ ወደ ፊት ለመጋለብ ጕልበት የተረፈው ነው።