ስለቱ የተመዘዘውን ብቻ

ድዷን የተነቀሰች የወሎ እናት ስትስቅ ጥርሷ ከጠቆረው ድድ ላይ ፈክቶ ይታያል። በመርፌ እየተወጋ ጥላሸት የሚገባበት ይህ ንቅሳት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ የድድ ሕመም መድኃኒት ነው ተብሎም ይታመን ነበር። ጥቁሩ ቀለም ግን የታመመ ድድ ቀድሞ የሚያሳየውን ቅላት ይደብቃል። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ የጥርስ ሐኪሙ በጥርስና በድድ መሃል የሚሰደው፣ ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ቀጭን መለኪያ ድዱ ከጥርሱ ሲላቀቅ የሚፈጠረውን ኪስ ጥልቀት ይነግረዋል። መለኪያው የሚናገረው ግን የደረሰውን ጉዳት ነው፤ አንዴ የተበላ አጥንት ደግሞ በራሱ አይመለስም።

በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ቲሞ ሶርሳና ባልደረቦቹ የደከሙበትን የድድ ሕመም ምርመራ የማደንቀው ለዚህ ነው። የሚፈልገው ጉዳቱ ገና እየደረሰ ሳለ የሚሠራውን፣ ኤምኤምፒ-8 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይዘውት ይዞራሉ፤ ሥራው ኮላጅንን መቁረጥ ነው። ኮላጅን ጥርስን ከአጥንት ጋር አስሮ የሚይዝ፣ እንደ ጥሩ ገመድ በሦስት ክር የተገመደ ነው፤ ብዙዎቹ ፕሮቲን ቆራጮች አይደፍሩትም። ኤምኤምፒ-8 ግን ከርዝመቱ ሦስት አራተኛው ላይ፣ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ይበጥሰዋል። የቀረው በሰውነት ሙቀት ራሱ ይተረተራል። የተፈጥሮን ሥራ እንኳ ለጥፋቱ ቢሆን ማድነቅ አይቀርም!

ይህ ፕሮቲን ስላለ ብቻ ግን ይቆርጣል ማለት አይደለም። ስለቱ አንዲት የዚንክ አቶም ናት፤ የፕሮቲኑ የራሱ ጫፍ በአንድ ሲስቴይን ሸፍኗት ይቆያል። መቁረጥ የሚጀምረው ሽፋኑ ሲገፈፍ ነው። የምርመራው ባለሙያዎች እጅ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፦ በምርመራው ውስጥ ፕሮቲኑን የሚይዘው አንቲቦዲ የተመረጠው ስለቱ የተመዘዘውን ለይቶ እንዲይዝ ነው። ሁሉንም የሚቆጥር ምርመራ የተኛውንም ከነቃው ጋር ይደምራል።

የቀረው ቀላል ነው። ታካሚው ውሃ ለ30 ሰከንድ ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ የተተፋው እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ስትሪፕ ላይ ይፈተሻል፤ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ሕመም የሚጠረጠርበት ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ናኖ ግራም ነው፤ ናኖ ግራም ማለት የግራም አንድ ቢሊዮንኛ። መርፌ የለ፣ ደም የለ። ለኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱ ይበቃዋል።

አንድ ጉድለት አለበት፤ የተጉመጠመጠው ውሃ ውጤት ስለ አፉ ሁሉ ይናገራል እንጂ የታመመውን ጥርስ አይጠቁምም። ያንን ፈልጎ ማግኘት አሁንም የሐኪሙ መለኪያ ሥራ ነው።